ስለ አንዲት ብርጭቆ ሻምፓኝ እና ስለተወሰደብኝ የአውቶቡስ ቁልፍ

ይድረስ ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነሥቼ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ልብዎ፣ ኩላሊትዎ፣ በተለይም ማንም ሳይነካው ሙሉ ሆኖ የቀረው ጨጓራዎ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገንና፣ ከሐኪሞችዎ መቀስ በተረፈችኝ፣ ከአንድ ሙዝ በማትበልጥ ጨጓራዬ እጅግ ደህና ነኝ። ከሥራ ከታገድኩ ሃያ ሁለት ቀን ከመሆኑ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

በሥራ ብዛት ካላስታወሱኝ፣ እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። የዛሬ ዐሥራ አንድ ወር አንድ መቶ አርባ ስምንት ኪሎ ሆኜ በሆስፒታልዎ በር በጎን የገባሁት፣ ዛሬ ሰማንያ ስድስት ኪሎ ሆኜ ፊት ለፊት የምገባው ሰውዬ ነኝ። አውቶቡሶቻችን በሚያድሩበት ዴፖ ጓደኞቼ «ባለ ሁለት ወንበር» ይሉኝ ነበር፤ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ «ግማሹ» ብለው ስሜን ቀይረውታል። ባለቤቴም «ያገባሁት ሰውዬ የት ሄደ? ይሄን ጎረምሳስ ማን አስገባብኝ?» እያለች በጎረቤት ፊት ትቀልድብኛለች። ለዚህ ሁሉ ምስጋናዬ ያለ አንዳች ሽሙጥ ከልብ ነው። ጉልበቴ አያመኝም፣ ስተኛ አላንኮራፋም፣ የጫማዬን ክር ጎንበስ ብዬ ራሴ አስራለሁ።

የምለምንዎ አንዲት ደብዳቤ ብቻ ናት። የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዴፖው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጨበጥኩትን መሪ ይመልስልኝ ወይስ እስከ ጡረታዬ ድረስ አውቶቡስ አጣቢ ያድርገኝ የሚለውን ይወስናል። ክሱ «አልኮል ጠጥቶ ለሥራ ቀርቧል» የሚል ነው። የጠጣሁት ደግሞ በእርስዎ ግብዣ፣ በእርስዎ አዳራሽ፣ በእርስዎ ማበረታቻ ስለሆነ፣ ነገሩን የሚያስረዳ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። ሦስት ጊዜም ምላሽ አገኘሁ፤ ደብዳቤውን ግን አላገኘሁም። ስለዚህ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገደድኩ። «ቅሬታ» የሚለው ቃል ለክብርዎ የማይመጥን መስሎ ስለታየኝ፣ ነጥቦቼን «ምስጋና» ብዬ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

አንደኛ፦ ከሆስፒታል ስወጣ ስለተሰጠኝ ባለ ሃያ አራት ገጽ መመሪያ አመሰግናለሁ። እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። እያንዳንዱን ጉርሻ ሠላሳ ጊዜ ማላመጥ እንዳለብኝ ይነግረኛል፤ እያላመጥኩ እቆጥራለሁ፣ ሰው ካናገረኝ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ስለ ማስቲካ አደገኛነት ግማሽ ገጽ አለው። ጋዝ ያለው ለስላሳ መጠጥ «ፈጽሞ» ክልክል መሆኑን በወፍራም ቀይ ቀለም ያስጠነቅቃል። ገጽ ዐሥራ ሰባት ላይ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ድመት ሆዴ ላይ እንዳላስተኛ ይመክረኛል። ድመት የለኝም፤ ቢኖረኝ ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ስለ አልኮል መጠጥ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንዲት ቃል የለችም። መጀመሪያ ገጽ የጎደለብኝ መስሎኝ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ሃያ አራቱም አሉ።

ሁለተኛ፦ ሆስፒታሉ አንድ ሺህኛውን የጨጓራ ቀዶ ጥገና ባከበረበት ዕለት ከሠላሳዎቹ «አርአያ ታካሚዎች» አንዱ አድርገው ስለመረጡኝ አመሰግናለሁ። በመድረክ ላይ አንድ በአንድ ሚዛን እያወጣችሁ የቀነስነውን ኪሎ በድምፅ ማጉያ አስነገራችሁልን። «ስልሳ ሁለት ኪሎ!» ሲባል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ራሴ ስዳር እንኳ እንዲያ አልተጨበጨበልኝም። በጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ብስኩትና ፍራፍሬ ተደርድሮ ነበር፤ ነገር ግን የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ልክ እንዳየችው ደንግጣ፣ «አርአያ የተባለ ሰው ብስኩት ሲቆረጥም አይታይም» ብላ ሳህኑን ሁሉ አስነሣችው። የፕሮቶኮል ኃላፊው ደግሞ ደግ ሰው ናቸውና ባዶ ጠረጴዛ ሲያዩ አንጀታቸው አልቻለም። «እንግዳ እንዴት ባዶ አፉን ይሸኛል? መብላቱ ካልተፈቀደላቸው ይጠጡ እንጂ!» አሉና ሻምፓኙን አስመጡ። ሻምፓኝ የሚከለክል ገጽ ስለሌለ ማንም አልተቃወመም። በቀይ ቀለም የተከለከለው ጋዝም በየብርጭቆው ውስጥ እየተንፎለፎለ ከች አለ። በዚህ ዓይነት ጨጓራቸው የተቆረጠ ሠላሳ ሰዎች በባዶ ሆዳቸው ሻምፓኝ የተጋበዙበት የከተማችን ብቸኛ ቦታ፣ ጨጓራቸውን የቆረጠው ሆስፒታል ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል እኔን መርጠው አጠገቤ ድረስ በመምጣትዎ አመሰግናለሁ። ብርጭቆዬ እንደሞላች እጄ ላይ መቅረቷን ሲያዩ ምክንያቱን ጠየቁኝ። እኔም ዝም አላልኩም፤ ሹፌር መሆኔን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ተረኛ መሆኔን በትሕትና አስረዳሁ። እርስዎም በዚያ ለዛ ባለው ድምፅዎ፣ «ሁለት ሰዓት ሙሉ አለህ እኮ! ይተናል። ደግሞ ለአንተ ቁመና ይህቺ ምን አላት?» አሉኝ። ቁመናዬን መቀነሳችሁን ልናከብር በተሰበሰብንበት ቀን መሆኑ ነው። እኔ እንግዲህ የሆስፒታል ሰው ሲያዝዘኝ የምከራከር ሰው አይደለሁም። ጨጓራዬን ቆርጣችሁ ስትወስዱ መቼ ተከራከርኩ? ጨለጥኳት።

ድሮ በአንድ መቶ አርባ ስምንት ኪሎዬ ዘመን እንዲህ ያለችውን ብርጭቆ ሦስቴ ብደግም የት እንደገባች አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አዳራሹ ፍቅር በፍቅር ሆነ። ከሠላሳዎቻችን አንዷ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ መድረክ ላይ ወጥተው፣ በሪፖርቱ የቀረበው ጠቅላላ የኪሎ ድምር በዐሥራ አንድ ኪሎ የተሳሳተ መሆኑን ሰሌዳው ላይ ጽፈው አስረዱ፤ ልክም ነበሩ። ከአጠገቤ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ የክብር እንግዶችን ወገብ መለካት ጀመረ፤ ከእርስዎ ጀምሮ፣ ያገኘውን ቁጥር ጮክ ብሎ እያነበበ። እኔ ደግሞ የሥነ ምግብ ባለሙያዋን አቅፌ፣ «ዐሥር ወር ሙሉ በየገበታው ስረግምሽ ነው የኖርኩት፤ ይቅር በይኝ እህቴ» ብዬ አለቀስኩላት። እርስዎም «ደስታ ነው! ደስታ ነው!» እያሉ ያጨበጭቡ ነበር። ሦስት ሐኪሞች አጠገብዎ ቆመው ነበር፤ እነሱም ደስታ ነው ብለው አብረው አጨበጨቡ።

አራተኛ፦ ይህኛው እንኳ ምስጋና ተብሎ ስሙ ቢቀየርም የሚሆን አይደለም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከአዳራሹ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ጥቂት ተቀመጥኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ቀጥ ብዬ ተራመድኩ። በድሮው ልምዴ ስመዝነው ከስካር ንጹሕ ነበርኩ። ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ዴፖ ደረስኩ። በራችን ላይ የስምሪት ኃላፊያችን ቆመው ነው የሚጠብቁን፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ወንድሜ ይሉኛል። ማንም ሹፌር እሳቸው በያዙት የትንፋሽ መመርመሪያ ውስጥ እፍ ሳይል ቁልፍ አይሰጠውም። መሣሪያው ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እኔ እፍ ስለው አረንጓዴ ሳያበራ ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀን ቀይ በራ። እትዬ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉትና «ይሄ ዕቃ ዛሬ ምን ነካው?» አሉ። ሌላ አስመጥተው እፍ አልኩ፤ እሱም ቀይ ሆነ። ያኔ ቀና ብለው አዩኝና «ምነው ወንድሜ?» አሉ። የእኔ መቼም አረንጓዴ ነው ብለው ቁልፉን አስቀድመው እጄ ላይ አኑረውት ስለነበር መልሰው ወሰዱት።

የሰባት ቁጥር አውቶቡሴ ሞልቶ ቆሟል። ከፊት ወንበር ላይ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ደርድራ ተቀምጣለች፤ ትንሿ ልጅ በመስኮት እጇን ታወዛውዝልኛለች። ሌላ ሹፌር ተጠርቶ መጣና ይዟቸው ሄደ። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ከማፈሩ በኋላ ደግሞ ፍርሃቱ መጣ፤ እትዬ ያንን መሣሪያ ይዘው በሩ ላይ ባይቆሙ ኖሮ፣ ልጆቹን ከኋላዬ አስቀምጬ ቁልቁለቱን እወርደው ነበርና።

ምን እንደደረሰብኝ የተረዳሁት በሳምንቱ ለክትትል ስመጣ ነው፤ ያውም ከሚዛን ክፍል ነርሷ። እሷ ምንም ዓይነት ግብዣ ላይ የማትጠራ፣ ከምድር ቤት የማትወጣ ልጅ ናት። ታሪኩን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሼ፣ ይሄን ሳይነግሩህ ነው የወጣኸው? ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ አንዱ ብርጭቆ እኮ እንደ ድሮው አንድ አይደለም። ጨጓራ ላይ አይቆይም፤ ቀጥ ብሎ ወደ አንጀት ይወርድና በአንዴ ደም ውስጥ ይገባል። ቶሎ ያሰክራል፣ ቶሎ ደግሞ አይለቅም፤ ለቀቀኝ ብለህ ስታስብ እንኳ ገና ደምህ ውስጥ ነው። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሶ ባትቀምሰው ነው የሚመከረው» አለችኝ። ሁሉንም ለመናገር የአንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ቢፈጅባት ነው። ያቺን አንድ ደቂቃ ማንም አልሰጠኝም ነበር።

አምስተኛ፦ ለማመልከቻዎቼ ስለተሰጡኝ ምላሾች አመሰግናለሁ፤ በማኅተም የተዋቡ፣ በኮምፒውተር የተጻፉ፣ ቁጥርና ቀን ያላቸው ናቸው። የሕዝብ ግንኙነት ክፍል መጠጡን ያቀረበው ፕሮቶኮል ክፍል በመሆኑ ጉዳዩ እንደማይመለከተው ገለጸልኝ። የቀዶ ጥገና ክፍል ቀዶ ጥገናዬ በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን አረጋገጠልኝ፤ እኔ ግን እንዲህ ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። ሦስተኛው ምላሽ ከሥነ ምግብ ክፍል ነው፤ ወደፊት በባዶ ሆዴ እንዳልጠጣ በጥብቅ መክሮኛል። ብስኩቱን ከፊቴ ያነሣችው እጅ ናት ይህንን ምክር የፈረመችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሦስቱን በአንድ ላይ ሳነባቸው «አልሸሹም ዞር አሉ» የሚለው ተረት ለእናንተ መሥሪያ ቤት የተነገረ ይመስላል።

ስድስተኛ፦ ይህን ልጽፈው አልፈለግኩም ነበር፤ ባለቤቴ ግን «ከጻፍክ አይቀር እውነቱን ጻፍ፤ ግማሹን ለምን ትደብቃለህ?» ስላለችኝ ጻፍኩት። ከታገድኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቀን ላይ ቤት ውስጥ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ፣ እንግዳ ያመጣልን አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ዓይኔ ገባ። ለመሞከር ያህል ግማሽ ብርጭቆ ቀዳሁ። በማግስቱ ሌላ ግማሽ። በሦስተኛው ቀን ግማሹ ሙሉ ሆነ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ አለኝ። መብላት ካቆምኩ ወዲህ ያጣሁት ደስታ ሁሉ በሌላ በር ዞሮ ሲገባ ተሰማኝ። ያቺው የሚዛን ክፍል ነርስ፣ ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ አንዳንድ ሰው ሳህኑን በብርጭቆ እንደሚቀይር፣ በዚህም ምክንያት ከመጀመሪያው ሊጠነቀቅ እንደሚገባ ነግራኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ሦስቱንም ቀን ብርጭቆዬን ስትቆጥር ኖራለች። በአራተኛው ቀን ጠርሙሱን አንሥታ ማጠቢያው ላይ ገለበጠችውና፣ «ሆድህን ያስቆረጥነው መብላቱን በመጠጥ ልትተካው ነው? እኔ ሁለተኛ የቀዶ ጥገና በር ላይ ቁጭ ብዬ የምጠብቅበት አንጀት የለኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም። አልቀመስኩም ማለት አላማረኝም ማለት አይደለም። ለማስቲካ ግማሽ ገጽ የሰጠው መመሪያ ለዚህ አንድ መስመር ቢሰጥ ምን ነበረበት?

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የምፈልገው ደብዳቤ ረጅም አይደለም። ጊዜዎን ላለማባከን ይዘቱን እኔው አዘጋጅቼልዎታለሁ፦ ይህ ታካሚ የጠጣው አንድ ብርጭቆ ነው፤ የሰጠነው እኛ ነን፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ብርጭቆ ምን እንደሚያደርገው አልነገርነውም። ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ ማኅተም። ጥፋት የለበትም ብላችሁ እንድትጽፉልኝ አልጠይቅም። ሹፌር ነኝ፤ ብርጭቆ ሲቀርብልኝ እምቢ ማለት የኔ ሥራ ነበር፣ ጋባዡ ሥራ አስኪያጅም ይሁን ንጉሥ። ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ስቆም ይህንኑ ራሴ እናገራለሁ። ቀዩ መብራት ትክክል ነበር እላለሁ። ቁልፉን የወሰዱብኝ እትዬም ትክክል ነበሩ እላለሁ። ሌላውን ግን በእኔ አፍ ቢነገር ማን ያምነኛል? «አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የጠጣሁት» የማይል ሰካራም በዓለም ላይ የለምና፣ ያቺን አንድ ብርጭቆ ከእርስዎ በቀር የሚመሰክርላት አላገኘሁም።

እኔንስ ያው የዴፖው በር ላይ እትዬ ጠበቁኝ። ሠላሳ ነበርን። ልብስ ሰፊው እንደ ወጣ ወደ መቀሱና ወደ ስፌት መኪናው ሄደ። አስተማሪዋ የራሳቸውን መኪና ከግቢያችሁ እያሽከረከሩ ሲወጡ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ተሰናበቱን፤ የጥበቃ ሠራተኛችሁም ሰላምታ ሰጥቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው። የቀሩት ሃያ ሰባቱ ወዴት ወዴት እንደተበተኑ አላውቅም። ሁሉም ከእኔ እኩል ጠጥተዋል፣ ሁሉም እንደ እኔ አልተነገራቸውም። እፍ በል የተባልኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። በደህና ቤታቸው መድረሳቸውን ከዚያ ቀን ወዲህ ከሆስፒታልዎ የጠየቀ ሰው ይኖር ይሆን? እኔ ለአስተማሪዋ ስልክ ደውዬ ነበር፤ አልተነሣም። ነገም እደውላለሁ።

ብዕሬን ሳኖር፣ ፈጣሪ ለመሥሪያ ቤትዎ አንድ ሺህ አንደኛውን፣ አንድ ሺህ ሁለተኛውንና ከዚያ በላይ ያለውን ቀዶ ጥገና ሁሉ ያቃናልዎ ዘንድ፣ ለእያንዳንዱ ታካሚም ሃያ አምስተኛ ገጽ ያለው መመሪያ እንዲደርሰው እየተመኘሁ፣ ከትንሿ ጨጓራዬ ሳይሆን ማንም ካልቆረጠው ልቤ በመነጨ አክብሮት፣ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የእርስዎ አርአያ ታካሚ፣
የሰባት ቁጥር መስመር ሹፌር፣ እስከ ሐሙስ ድረስ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ለክትትል ስመጣ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በር የሚያህል ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አየሁ። እኔ ብርጭቆዬን ወደ አፌ አድርጌ፣ እርስዎ በአንድ እጅዎ ክርኔን ከታች ደግፈው፣ ከኋላችን ያለው የግድግዳ ሰዓት ስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ይላል፤ ከሥሩም በትልልቅ ፊደል «አዲስ ሕይወት ከእኛ ጋር ይጀምራል» ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ደብዳቤውን ለመጻፍ ጊዜ ካጡ አይጨነቁ፤ የኮሚቴው አባላት ሐሙስ ከስብሰባው በፊት እዚያው ድረስ መጥተው ሊያዩት ከእኔ ጋር ተቀጣጥረዋል። እስከዚያው እንዳያወርዱት አደራ። በጣም አምሮብዎታል።